የተቀባይ ቤተሰብ ኑሮ በውጭ አገር ትምህርት ያለው ድርሻ፡ የስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ተሞክሮ ሲታይ

ተማሪዎችን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር መላክ ለአንድ አገር የሰው ኃይል ግንባታ ካለው ጠቀሜታ የተነሳ መንግሥታት፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ከፍተኛ ገንዘብና ጊዜ የሚመድቡለት ተግባር መሆኑ ይታወቃል። ይሁንና በዝግጅቱ ወቅት ሰፊ ትኩረት የሚያገኙት የትምህርት መስኩ፣ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ የጉዞ ወጪውና ወርኃዊ የኪስ ገንዘቡ ናቸው። ተማሪው የት ያድራል፣ ከማን ጋር ገበታ ይቀርባል፣ ከክፍል ውጭ ቋንቋውን ከማን ጋር ይናገራል የሚሉት ጥያቄዎች ግን በአብዛኛው ለመጨረሻ ሰዓት የሚተው ጥቃቅን ጉዳዮች ተደርገው ይታያሉ።

በርካታ ተሞክሮዎች እንደሚያሳዩት ግን የመኖሪያ ጉዳይ የትምህርቱን ውጤት ከሚወስኑት ጉዳዮች አንዱ ነው። በተለይም ትምህርቱ ተማሪው ቀደም ሲል በማያውቀው ቋንቋ የሚሰጥ ሲሆን፣ መኖሪያ ቤቱ ሁለተኛው የመማሪያ ክፍል ይሆናል፤ ወይም ሊሆን ሲችል ሳይሆን ይቀራል። የዚህ ሐተታ ዓላማም ተማሪዎችን በአገሬው ቤተሰብ ውስጥ አስቀምጦ የማስተማር ልማድ በስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ውጤት እንዳስገኘ፣ ምን ጉድለት እንደታየበትና ተማሪ ላኪ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ ምን ሊወስዱ እንደሚገባ መመርመር ነው።

ስፓኒሽ ለምን?

ስፓኒሽ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አፉን የፈታበት፣ በ20 አገሮች የመንግሥት ሥራ የሚከናወንበትና ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ የሆነ ቋንቋ ነው። በአፍሪካም ቢሆን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1968 ከስፔን ነፃነቷን የተቀዳጀችው ኢኳቶሪያል ጊኒ በቋንቋው ትሠራለች። የአፍሪካ ኅብረትን ማቋቋሚያ ሰነድ ለማሻሻል እ.ኤ.አ በ2003 የጸደቀው ፕሮቶኮልም ስፓኒሽን ከዐረብኛ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከፈረንሳይኛ፣ ከፖርቱጋልኛ፣ ከኪስዋሂሊና ከሌሎች የአፍሪካ ቋንቋዎች ጎን በኅብረቱ ይፋዊ ቋንቋነት ዘርዝሮታል። የኅብረቱ መቀመጫ አዲስ አበባ እንደመሆኗ ቋንቋውን የሚያውቅ ተርጓሚ፣ ዲፕሎማትና ባለሙያ ለአገራችን የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው።

ኢትዮጵያ ከዚህ ቋንቋ ጋር ያላት ትውውቅ በወረቀት ላይ የተወሰነ አይደለም። እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በኩባ ተምረዋል። በ2000ዎቹም በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ስፔን ሄደው በስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች እጅ አድገዋል። ይህ አሠራር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ እስከከለከለችበት ጊዜ ድረስ ቀጥሎ ነበር። በመሆኑም በስፓኒሽ ተናጋሪ ቤት ውስጥ መኖር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁ ወገኖቻችን ቁጥር ቀላል አይደለም።

የአሠራሩ አመጣጥ

ተማሪን በባዕድ አገር ቤተሰብ ውስጥ አስቀምጦ የማስተማር ሐሳብ በተደራጀ መልክ ከተጀመረ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። የአሜሪካው ደላዌር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ1923 ስምንት ተማሪዎችን ወደ ፈረንሳይ ሲልክ ተማሪዎቹ በፈረንሳውያን ቤተሰቦች ዘንድ እንዲኖሩ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ በ1932 ዶናልድ ዋት በተባሉ አሜሪካዊ የተመሠረተው ድርጅት ደግሞ የቤተሰብ ኑሮን የትምህርቱ ማዕከል አደረገው። የእርሳቸው እምነት ሰው ከሰው ጋር የሚግባባው በጉብኝት ሳይሆን አብሮ በመኖር ነው የሚል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም እ.ኤ.አ በ1947 ኤ.ኤፍ.ኤስ የተባለው ድርጅት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በቤተሰብ ውስጥ የማስቀመጥ ፕሮግራሙን ጀመረ። ድርጅቱ ቀደም ሲል በጦርነት ወቅት ቁስለኞችን በአምቡላንስ ያመላልሱ በነበሩ በጎ ፈቃደኞች የተቋቋመ ነው።

በአውሮፓ ደረጃ እ.ኤ.አ በ1987 የተጀመረው የኢራስመስ ፕሮግራም የተማሪዎችን እንቅስቃሴ እጅግ አስፋፍቷል። ስፔን ለበርካታ ዓመታት በዚህ ፕሮግራም የሚንቀሳቀሱ ተማሪዎችን በብዛት በመቀበል ቀዳሚ ስፍራ ይዛ ቆይታለች። ለአሜሪካውያን ተማሪዎችም ቢሆን ስፔን ከዋነኞቹ መዳረሻዎች አንዷ ናት።

በስፔንና በጓቲማላ ያለው አሠራር

በስፔን ለዚህ ሥራ ስማቸው ከሚጠቀሱ ከተሞች አንዷ ሳላማንካ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ እ.ኤ.አ በ1218 የተመሠረተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1492 የመጀመሪያውን የካስቲሊያ ቋንቋ ሰዋስው ያሳተመው አንቶኒዮ ደ ኔብሪኻ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። በከተማዋ ቋንቋ ለመማር የሚመጡ የውጭ ተማሪዎች ከሚያርፉባቸው ስፍራዎች ዋነኛው የነዋሪዎች ቤት ነው። ልጆቻቸው አድገው ከቤት የወጡላቸው ወላጆች፣ የትዳር ጓደኞቻቸውን በሞት ያጡ እናቶችና ክፍት ክፍል ያላቸው ቤተሰቦች ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማምተው ተማሪ ይቀበላሉ። ትምህርት ቤቱ ቤቱን ያያል፤ ክፍያውን ከተማሪው ተቀብሎ ለቤተሰቡ ያስተላልፋል፤ ቅሬታ ሲነሳም ይዳኛል።

ክፍያው ለቤተሰቡ የኑሮ ድጎማ መሆኑ ሊሸሸግ አይገባም። በስፔን እ.ኤ.አ በ2008 በጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ሳቢያ የሥራ አጡ ቁጥር እ.ኤ.አ በ2013 ከ26 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ወቅት ከተማሪ የሚገኝ ወርኃዊ ገቢ ለአንድ ቤት ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። በአንፃሩ እ.ኤ.አ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ ወደየአገራቸው ሲመልስ በዚህ ገቢ ላይ የተመሠረቱ ቤቶች ጉዳት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ግንኙነቱ ከመነሻው የእንግዳ ተቀባይነትና የውል ድብልቅ መሆኑን መረዳት ያሻል።

በማዕከላዊ አሜሪካ ደግሞ ጓቲማላ በተለየ አደረጃጀት ትታወቃለች። እ.ኤ.አ በ1979 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው አንቲጓ እና በምዕራብ ከፍታ በምትገኘው ኬትሳልቴናንጎ ያሉት የቋንቋ ትምህርት ቤቶች አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ መድበው በየቀኑ ለሰዓታት ያስተምራሉ። ተማሪው ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሚገባው በአካባቢው ቤተሰብ ቤት ነው። ክፍያው በሳምንት የሚታሰብ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከእሑድ በስተቀር በቀን ሦስት ጊዜ ምግብን ይጨምራል። ከእነዚህ ተቋማት ቀደምት የሆነውና በፍራንሲስኮ ማሮኪን ስም የሚጠራው የቋንቋ ፕሮጀክት ከውጭ አገር ተማሪዎች የሚያገኘውን ገቢ የማያ ቋንቋዎችን ለማጥናትና የአገሬውን ተወላጆች በሥነ ልሳን ለማሠልጠን አውሎታል። አንድን ዓለም አቀፍ ቋንቋ በማስተማር የተገኘ ገንዘብ የአገር ውስጥ ቋንቋዎችን ማልማት መቻሉ በርካታ ቋንቋዎች ላሏት ለእንደ ኢትዮጵያ ዓይነት አገር ትኩረት የሚስብ ምሳሌ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ መታከል ይኖርበታል። “ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰብ” ሲባል የቤቱ ሰው ሁሉ አፉን የፈታው በስፓኒሽ ነው ማለት አይደለም። በጓቲማላ ከ20 በላይ የማያ ቋንቋዎች የሚነገሩ ሲሆን፣ በኬትሳልቴናንጎ አካባቢ እናትና አያት እርስ በርሳቸው በኪቼ ቋንቋ የሚነጋገሩባቸው ቤቶች አሉ። በስፔንም እ.ኤ.አ የ1978ቱ ሕገ መንግሥት ካስቲሊያንን የመላ አገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ አድርጎ፣ ሌሎቹን ቋንቋዎች በየራስ ገዝ ክልሎቻቸው ይፋዊ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ባርሴሎና የተመደበ ተማሪ በቤት ውስጥ ካታላንኛ፣ በጋሊሲያ የተመደበውም ጋሊሲያንኛ ሊሰማ ይችላል። ይህ ጉዳት ነው ባይባልም ላኪው መሥሪያ ቤት ከምደባው በፊት ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው።

ቤተሰብ ውስጥ መኖር ብቻውን ቋንቋ ያስተምራልን?

በአገሬው ቤት የኖረ ተማሪ ቋንቋውን በተሻለ ፍጥነት ይለምዳል የሚለው አስተሳሰብ በስፋት የተሰራጨ ነው። የተካሄዱት ጥናቶች ግን ጉዳዩ ከዚህ የተወሳሰበ መሆኑን አመልክተዋል። ዊልያም ሪቨርስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ በ1998 ባወጡት ጥናት በሩሲያ የተማሩ አሜሪካውያንን አነጻጽረው፣ በቤተሰብ ውስጥ የኖሩት በተማሪዎች ማደሪያ ከነበሩት ይልቅ በንግግር ችሎታ የመሻሻል ዕድላቸው አነስተኛ፣ በንባብ ግን ከፍ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። ጥናቱ የተደረገው በሌላ ቋንቋ ላይ ቢሆንም የተለመደውን እምነት በጥያቄ ምልክት ውስጥ አስገብቶታል።

በስፓኒሽ ረገድ ኖርማን ሴጋሎዊትዝ እና ባርባራ ፍሪድ እ.ኤ.አ በ2004 ያሳተሙት ጥናት ተጠቃሽ ነው። ተመራማሪዎቹ በስፔን አሊካንቴ ከተማ አንድ የትምህርት መንፈቅ ያሳለፉ ተማሪዎችን በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ስፓኒሽ ከተማሩት ጋር አስተያይተዋል። አሊካንቴ የቆዩት በንግግር ቅልጥፍና ብልጫ አሳይተዋል። ሆኖም ብልጫው ከክፍል ውጭ ቋንቋውን ከተጠቀሙበት የሰዓት ብዛት ጋር የነበረው ቁርኝት የተጠበቀውን ያህል አልነበረም። ለዚህ ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ ተማሪዎቹ ከተቀባይ ቤተሰቦቻቸው ጋር የሚለዋወጡት ንግግር አጭርና ተደጋጋሚ መሆኑ ነው።

ምክንያቱን ማስተዋል አያስቸግርም። “እንደምን አደርክ”፣ “ራት ቀርቧል”፣ “ትምህርት እንዴት ነበር”፣ “ደህና እደሪ” በሚሉ ዐረፍተ ነገሮች አንድ ወር ሙሉ መኖር ይቻላል። ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት እነዚህን ካወቀ በኋላ ቤቱ አዲስ ነገር አያስተምረውም። በአንድ ቤት ሁለት ወይም ሦስት የአንድ አገር ተማሪዎች ከተቀመጡ ደግሞ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው። በዛሬው ዘመን በእጅ ስልክ አማካይነት ከወላጅና ከጓደኛ ጋር በየሰዓቱ መገናኘት መቻሉም ተማሪውን በአካል ሳላማንካ፣ በመንፈስ አገር ቤት ሊያደርገው ይችላል።

በአንፃሩ ውጤት ያመጡ ቤቶች የሚጋሯቸው ባሕርያት አሉ። ከእነዚህ መካከል ገበታው ዋነኛው ነው። በስፔን ምሳ የሚበላው ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ተኩል፣ ራት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ከምሳ በኋላ ሳህኑ ሳይነሳ፣ ማንም ለመሄድ ሳይቸኩል ተቀምጦ የመጨዋወት ልማድ አለ፤ ስፔናውያን ሶብሬሜሳ ይሉታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ወሬ የሚቀጥልበትን የቡና ሥርዓት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ባዕድ አይሆንበትም። ቋንቋው የሚዳብረውም በዚህ ሰዓት ነው፤ ተማሪው ይከራከራል፣ ያለፈውን ይተርካል፣ ሐሳቡን ያብራራል፣ ሲሳሳት ይታረማል። በመሆኑም ጠቃሚው ጥያቄ “ተማሪው በቤተሰብ ውስጥ ይኖራልን?” የሚለው ሳይሆን “ቤተሰቡ ከተማሪው ጋር ይበላልን? ይጨዋወታልን?” የሚለው ነው።

የኩባው ተሞክሮና ትምህርቱ

ይህን ነጥብ ከኢትዮጵያ የራሷ ታሪክ ጋር ማገናዘብ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ በ1977 እና በ1978 በተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጎን መሰለፋቸው ይታወሳል። እ.ኤ.አ በ1984 በአዲስ አበባ የቆመው የትግላችን ሐውልትም የእነርሱን መስዋዕትነት ይዘክራል። ከጦርነቱ በኋላ በርካታ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተላኩ፤ ከእነርሱም መካከል ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ይገኙበታል። ያረፉትም እ.ኤ.አ በ1978 የወጣቶች ደሴት የሚል ስያሜ በተሰጣትና ቀደም ሲል የፓይን ደሴት ትባል በነበረችው ደሴት ነው። በዚያች ደሴት ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች በየአገራቸው ተመድበው ይማሩ ነበር።

ልጆቹ የኖሩት በቤተሰብ ውስጥ አልነበረም። ትምህርት ቤቶቹ አዳሪ ሲሆኑ፣ የቀኑ ግማሽ ለትምህርት፣ ግማሹ በደሴቲቱ የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻዎች ለሥራ የተመደበ ነበር። ኩባውያን መምህራን በስፓኒሽ ሲያስተምሩ፣ ከአገር ቤት የተላኩ መምህራን ደግሞ አማርኛን፣ የኢትዮጵያን ታሪክና ጂኦግራፊን ያስተምሩ ነበር። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተሸጋግረው በሕክምና፣ በምህንድስና፣ በግብርናና በሌሎችም ሙያዎች ተመርቀው አገራቸውን አገልግለዋል፤ ስፓኒሽን እንደ ሁለተኛ አፍ መፍቻ የሚናገሩም ሆነዋል።

ይህ ተሞክሮ ሁለት ቁም ነገሮችን ያስጨብጣል። የመጀመሪያው፣ ቋንቋን ለመልመድ የግድ በቤተሰብ ውስጥ መኖር አያስፈልግም። የቆይታው ጊዜ ረዥም ከሆነና ትምህርቱ ራሱ በቋንቋው ከተሰጠ አዳሪ ትምህርት ቤትም ያንኑ ውጤት ያስገኛል። ሁለተኛው፣ የሕፃናቱን የአገር ቋንቋና ታሪክ ለመጠበቅ አስቀድሞ መምህር መመደቡ ማንነታቸውን ሳይዘነጉ እንዲያድጉ ረድቷል። በሌላ በኩል ግን በለጋ ዕድሜው ከቤተሰብ የተለየ ልጅ በአዳሪ ቤት ለዓመታት ሲኖር የሚያጣው የወላጅ ፍቅርና ክትትል በቀላሉ የሚተካ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1991 በኢትዮጵያ የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ ትምህርታቸውን ያልጨረሱት በኩባ እንደነበሩም አይዘነጋም። ላኪው አካል ሲለወጥ ወይም ሲዳከም የተማሪው ዕጣ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ያኔም፣ ዛሬም ተገቢ ነው።

ከሁለቱ ተሞክሮዎች የሚገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ለአጭር ጊዜ፣ ማለትም ከአንድ ወር እስከ አንድ ዓመት፣ ለቋንቋ ሥልጠና የሚሄድ ተማሪ ከተቀባይ ቤተሰብ የበለጠ ይጠቀማል፤ ጊዜው አጭር በመሆኑ እያንዳንዱ የገበታ ሰዓት ይቆጠራልና። ለአምስትና ለስድስት ዓመት ለሚሄድ የሕክምና ተማሪ ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት በቤተሰብ፣ ቀሪውን በተማሪዎች ማደሪያ ማሳለፍ የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል።

ባህል፣ ምግብና አክብሮት

በአገሬው ቤት የሚፈጠር አለመግባባት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከጥቃቅን ጉዳዮች ነው። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ቀዳሚው የምግብ ጉዳይ ነው። የአሳማ ሥጋ በስፔን ማዕድ ላይ የተከበረ ስፍራ አለው፤ በሾርባም፣ በጥራጥሬ ወጥም ውስጥ ሊገባ ይችላል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ተማሪ ይህን አይመገብም። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመት ውስጥ ያሉት ረዣዥም አጽዋማትም ለተቀባይ ቤተሰብ እንግዳ ነገር ናቸው። በስፔን ጾም ሲባል ከሥጋ መታቀብ እንጂ ከወተትና ከእንቁላል መታቀብ መስሎ ለማይታያት እናት፣ “እጾማለሁ” ላላት ተማሪ እንቁላል ጠብሳ ብታቀርብ ክፋት የለባትም። ይህ ጉዳይ በማመልከቻው ቅጽ ላይ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ምስርና ሽምብራ በስፔን፣ ጥቁር ባቄላና የበቆሎ ቂጣ በጓቲማላ፣ ሩዝ ከባቄላ ጋር በኩባ የዕለት ምግብ ናቸው። ያለ ሥጋና ያለ ስብ እንዲሠሩ አስቀድሞ መንገር ብቻ በቂ ነው።

ሁለተኛው የአክብሮት አነጋገር ነው። አማርኛ “አንተ”ን፣ “አንቺ”ን እና “እርስዎ”ን እንደሚለይ ሁሉ ስፓኒሽም ቅርበትን የሚገልጸውን “ቱ” እና አክብሮትን የሚገልጸውን “ኡስቴድ” ይለያል። አጠቃቀሙ ግን ከአገር አገር ይለያያል። በስፔን የስድሳ ዓመት እናት ወጣቱን ተማሪ “ቱ በለኝ፣ በስሜም ጥራኝ” ልትለው ትችላለች። ትልቅን ሰው በስሙ ብቻ መጥራት ድፍረት መስሎ ለሚታየው፣ “እትዬ” ወይም “ጋሼ” ማለት ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ ይከብደዋል። እርሱ በአክብሮት “ኡስቴድ” እያለ ሲቀጥል እርሷ መራቅ ወይም መኮሳተር አድርጋ ልትወስደው ትችላለች። በኮሎምቢያና በኮስታሪካ ደግሞ “ኡስቴድ” በቤተሰብ መካከል እንኳ ይሠራበታል። በጓቲማላ ለቅርብ ሰው “ቮስ” የሚባል ሌላ አጠራር ሲኖር፣ በዕድሜ የገፉ እናቶች “ዶኛ” በሚል ማዕረግ ከስማቸው ጋር ይጠራሉ። ተማሪው ከመሄዱ በፊት የሚሰጠው ገለጻ የሚሄድበትን አገር አነጋገር ያገናዘበ ካልሆነ፣ በመልካም አስተዳደግ የመጣ ባሕርይ በስህተት ሊተረጎም ይችላል።

“ቤተሰብ” የሚለው ቃል ውልን መሸፈን የለበትም

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የሕግና የደኅንነት ጉዳይ ነው። በስፔን ከስድስት ወር በላይ ለትምህርት የሚቆይ የውጭ አገር ሰው በገባ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የውጭ አገር ዜጋ መታወቂያ ካርድ እንዲወጣለት ማመልከት አለበት። በአገሪቱ የሚኖር ማንኛውም ሰው ደግሞ በሚኖርበት ማዘጋጃ ቤት መዝገብ፣ ማለትም በፓድሮን፣ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ለዚህም የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ወይም የቤቱ ባለቤት ፈቃድ ይጠየቃል። ተቀባይ ቤተሰቡ የኪራይ ገቢው ይታወቅብኛል ብሎ ይህን ፈቃድ ከከለከለ ተማሪው ያለ ጥፋቱ ሕገ ወጥ የመሆን አደጋ ያንዣብብበታል። ስለሆነም የምዝገባ ፈቃድ ከምደባው በፊት በጽሑፍ የሚረጋገጥ ቅድመ ሁኔታ መሆን ይገባዋል።

ሌላው የሥራ ጉዳይ ነው። በስፔን የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ከትምህርታቸው ጋር በማይጋጭ መልኩ በሳምንት እስከ 30 ሰዓት መሥራት ይፈቀድላቸዋል። ይህ መብት ግን ተማሪው በሚያርፍበት ቤት ያለ ክፍያ ሕፃን ጠባቂ ወይም ምግብ አብሳይ ይሁን ማለት አይደለም። በአውሮፓ ምክር ቤት ሥር እ.ኤ.አ በ1969 የተፈረመውና ስፔን እ.ኤ.አ በ1988 ያጸደቀችው ስምምነት ቋንቋ እየተማሩ በቤት ውስጥ ቀላል እገዛ የሚሰጡ ወጣቶችን በተመለከተ ግልጽ ገደብ አስቀምጧል። በስምምነቱ መሠረት ግንኙነቱ በጽሑፍ መቋቋም አለበት፤ እገዛው በቀን ከአምስት ሰዓት ሊበልጥ አይችልም፤ በሳምንትም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት መሰጠት አለበት።

ዜጎቿ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው በደረሰባቸው በደል ምክንያት እ.ኤ.አ በ2013 የሥራ ጉዞን ለጊዜው እስከ ማገድ ለደረሰች አገር ይህ ልዩነት እንግዳ አይደለም። “እንደ ልጄ ነው የማያት” የሚለው አነጋገር ከልብ ሲሆን ትልቅ ጸጋ ነው፤ የሥራ ሰዓትንና ክፍያን ለመሸፈን ሲውል ግን መብትን ያሳጣል። ተማሪ፣ በጽሑፍ ውል ቀላል እገዛ የሚሰጥ ወጣት እና የቤት ሠራተኛ ሦስት የተለያዩ ሕጋዊ ደረጃዎች ናቸው። ተማሪው በየትኛው ደረጃ እንደሚሄድ ቪዛው፣ ውሉና የዕለት ኑሮው ሦስቱም አንድ ዓይነት ምላሽ ሊሰጡ ይገባል።

ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም በተራቸው ይህን ኃላፊነት የተሸከሙበት ጊዜ ነበር። የአሜሪካ የሰላም ጓድ እ.ኤ.አ በ2007 ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ ሠልጣኞቹ ወደ ምድብ ሥራቸው ከመሄዳቸው በፊት በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ተቀምጠው ቋንቋና ባህል ይማሩ ነበር። ቤተሰቦቹ ገለጻ ይሰጣቸው፣ ለሠልጣኙ የሚዘጋጀው ክፍል ይታይ፣ ክትትልም ይደረግ ነበር። ባዕድን ለመቀበል ይህን ያህል ዝግጅት የሚያስፈልግ ከሆነ የራስን ልጅ ወደ ባዕድ ቤት ለመላክም ከዚህ ያነሰ ሊደረግ አይገባም።

ከላኪ መሥሪያ ቤቶች ምን ይጠበቃል?

ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች በመነሳት የውጭ አገር የትምህርት ዕድልን የሚያስተባብሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ኤምባሲዎች ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ጉዳዮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የመኖሪያ ምደባ የትምህርት ስምምነቱ አካል ሆኖ በሰነድ ሊሰፍር ይገባል። ቤተሰቡን የሚመርጠው፣ የሚጎበኘውና ቅሬታ ሲቀርብ ተማሪውን ወደ ሌላ ቤት የሚያዛውረው አካል ማን እንደሆነ በስም መታወቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ በአንድ ቤት ከአንድ በላይ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ባይመደብ ይመረጣል። ሆኖም በአንድ ከተማ ብቻውን የሚቀር ተማሪ እንዳይኖርና ወገኑን በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ የሚያገኝበት ሁኔታ እንዲመቻች ማድረግ ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ተማሪዎች የተለየ ጥበቃ ያስፈልጋል። የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ፣ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ኃላፊነት ያለው ሰው መመደብና ተማሪው በማንኛውም ሰዓት ሊደውልበት የሚችል የስልክ ቁጥር ከማስታወሻነት አልፈው አስገዳጅ መሆን ይኖርባቸዋል።

አራተኛ፣ ከጉዞ በፊት የሚሰጠው ገለጻ በአጠቃላይ ምክር ላይ የተመሠረተ መሆኑ ቀርቶ የአገሩን የገበታ ሰዓት፣ የአክብሮት አነጋገር፣ የምዝገባ ሕግና የተማሪውን የጾምና የምግብ ሁኔታ በዝርዝር የሚያካትት ሊሆን ይገባል። ለዚህም በኩባ ተምረው በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግሉ ባለሙያዎች ጥሩ አስረጂዎች ናቸው። ዕድሜያቸው እየገፋ በመሆኑም ተሞክሯቸውን በጽሑፍ ማስቀረት ጊዜ የሚሰጠው ተግባር አይደለም።

አምስተኛ፣ ውጤቱ ሊለካ ይገባል። የአውሮፓ የጋራ የቋንቋ ማዕቀፍ እ.ኤ.አ በ2001 ከታተመ ወዲህ ከኤ-1 እስከ ሲ-2 ያሉት ስድስት ደረጃዎች በሰፊው ይሠራባቸዋል። ተማሪው ሲሄድና ሲመለስ የነበረበት ደረጃ፣ ያረፈበትም ሁኔታ አብሮ ቢመዘገብ የትኛው የአኗኗር ዘዴ ለየትኛው ተማሪ እንደሚበጅ በግምት ሳይሆን በማስረጃ መወሰን ይቻላል።

በአጠቃላይ፣ ተቀባይ ቤተሰብ በአግባቡ ከተመረጠና ከተከታተሉት ክፍል የማይሰጠውን ትምህርት የሚሰጥ፣ ለሁለት ሕዝቦች መቀራረብም መሠረት የሚጥል ተቋም ነው። ካልተከታተሉት ግን ርካሽ ማደሪያ ከመሆን አያልፍም፤ ሲብስም ተማሪውን ለጉዳት ያጋልጣል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የቤተሰቡ ደግነት ብቻ አይደለም። ተማሪው ከመነሳቱ በፊት በላኪው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚዘጋጀው ሰነድ፣ ከሄደ በኋላም የሚደረግለት ክትትል ድርሻቸው ከፍተኛ ነው። በመሆኑም የሚመለከታቸው አካላት የተማሪን መኖሪያ ከትምህርቱ ነጥለው ሳይመለከቱ ለሁለቱም እኩል ትኩረት ሊሰጡ ይገባል።